ሰፊው መንገድና ረጅሙ ወረፋ፦ የኔትወርክ ዕቃን ማሻሻል የቤት ኢንተርኔትንና ጌምን ያፈጥናልን?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ የመነጨው ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከእህቴ ቤት ሳሎን ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። ልጁ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት የእግር ኳስ ጌም ይጫወታል። ነገር ግን ቁልፉን ተጭኖ ኳሱ እስኪመታ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ተከላካዩ ገና ሳይንቀሳቀስ ግብ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ለወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ አዲስ ራውተር ሊገዛ ቆርጧል። ዕቃው ስድስት አንቴና አለው፤ ካርቶኑ ላይም ለጌም ተብሎ እንደ ተሠራ ተጽፏል። «አጎቴ፣ ይህን ብገዛው ይፈጥንልኛል?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ወዲያው «አዎ» ወይም «አይ» ለማለት አልደፈርኩም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ የኢንተርኔት ታሪክ ራሱ ባለፉት አምስት ዐሥርት ዓመታት ደጋግሞ ጠይቆታል፤ መልሱም በየዘመኑ ተለዋውጧል። አንዳንዴ አዲስ ዕቃ ችግሩን ፈትቷል። አንዳንዴ ምንም አልለወጠም። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ዛሬ በሰፊው የማወሳው እርሱን ነው፣ የተሻለ ይሆናል የተባለው ዕቃ ነገሩን አባብሶታል። የማቀርበው መከራከሪያም ይህ ነው፤ ዕቃ የሚያፈጥነው ማነቆው እዚያ ዕቃ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ማነቆውም በአንድ ቦታ የማይቆም ተንቀሳቃሽ ነገር ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ፤ «ፍጥነት» የሚለውን። በዚህ ቃል ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተዳብለው ይኖራሉ። አንደኛው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል መረጃ ያልፋል የሚለው ነው፤ ይህን የመስመሩ ስፋት እንበለው፤ በሜጋቢት የሚለካውና በማስታወቂያ የምናየው እርሱ ነው። ሁለተኛው አንዲት ትንሽ መልእክት ሄዳ መልሷ እስኪመጣ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል የሚለው ነው፤ ይህ የምልልስ ጊዜ ነው፤ በሚሊ ሰከንድ ይለካል፤ ጌም ተጫዋቾች «ፒንግ» የሚሉት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ አራት የጭነት መኪና ጎን ለጎን እንዲያሳልፍ አድርገን ብናሰፋው በቀን የሚደርሰው እህል ይበዛል። ደሴ ግን አንድ ክንድ እንኳ አልቀረበችም። ደብዳቤ የያዘ ባለሞተር ብቻውን በባዶ መንገድ ሲጓዝ የሚወስድበት ሰዓት ያው ነው።

ፊልም ለማየት የሚያስፈልገው የመንገዱ ስፋት ነው። ጌም ግን የባለሞተሩ ነገር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ጌም የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በ100 ባይት መልእክት በሰከንድ 60 ጊዜ ቢልክ፣ የሚፈልገው ስፋት 48 ኪሎቢት በሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ዛሬ ባለው በየትኛውም የቤት መስመር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ችግር የስፋት ችግር ላይሆን እንደሚችል ከወዲሁ እንጠርጥር፤ ጥርጣሬያችንንም ታሪክ ይመርምረው።

ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው የአርፓኔት መልእክት ተላከ። ሊጻፍ የታሰበው «ሎግኢን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ ሁለት ፊደላት እንዳለፉ ሥርዓቱ ተቋረጠ። የአርፓኔት መስመሮች በሰከንድ 50 ኪሎቢት የሚያሳልፉ ነበሩ። አዲሱ ሐሳብ ግን የመስመሩ ስፋት ሳይሆን የአጠቃቀሙ መንገድ ነበር። የስልክ ኔትወርክ ለሁለት ተነጋጋሪዎች አንድ መስመር ለብቻቸው ይሰጣል። አርፓኔት ግን መልእክቱን ፓኬት ወደሚባሉ ቁራጮች ከፋፍሎ፣ የብዙ ሰዎችን ፓኬቶች በአንድ መስመር ላይ አፈራርቆ ያስኬዳል። ይህ ብልሃት መስመሩን ሥራ ፈትቶ ከመዋል ያድነዋል። ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ሁለት ፓኬቶች በአንድ ቅጽበት ከመገናኛው ሲደርሱ አንዱ መጠበቅ አለበት። መጠበቂያ ቦታም ያስፈልገዋል። በዚህም ምክንያት በእያንዳንዱ መገናኛ ዕቃ ውስጥ የማስታወሻ ቋት ተቀመጠ። ወረፋ ከኢንተርኔት ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ነው።

ወረፋው ምን ያህል ይርዘም? ይህን ጥያቄ በጥብቅ ካነሡት አንዱ በፎርድ ኤሮስፔስ ይሠራ የነበረው ጆን ናግል ነው። በ1985 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ማለቂያ የሌለው ማስታወሻ ያለው የፓኬት መገናኛ ዕቃ ቢኖር ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው «ምንም ፓኬት አይጠፋም፤ ስለዚህ መልካም ይሆናል» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ናግል ግን ተቃራኒውን አሳየ። እያንዳንዱ ፓኬት የዕድሜ ገደብ አለው። ጭነቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ወረፋው እየረዘመ ይሄድና ፓኬቱ ተራው ሳይደርስ ዕድሜው ያልቃል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ፓኬቶች ወረፋ ላይ ሳሉ ይሞታሉ። ይህ ሐሳብ በጊዜው የጠባቡ የሙያ ክበብ ጉዳይ ነበር፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በየሰዉ ሳሎን ውስጥ እንደሚገለጥ ማን ገመተ?

በቀጣዩ ዓመት፣ በኦክቶበር 1986፣ የኢንተርኔት የመጀመሪያው ታላቅ የመጨናነቅ ውድቀት ደረሰ። በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ፣ ማለትም አራት መቶ ሜትር የማይሞላ ነው። በዚህ መስመር ላይ ሲያልፍ የነበረው መረጃ በሰከንድ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። ስምንት መቶ እጥፍ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ገመዱ አልተበጠሰም፤ ዕቃዎቹም አልተበላሹም። ቫን ጃኮብሰንና ማይክ ካሬልስ ምክንያቱን ሲመረምሩ ጥፋቱን ያገኙት በላኪዎቹ ኮምፒውተሮች ጠባይ ላይ ነው። መልሱ ሲዘገይባቸው «ጠፋ» ብለው ያንኑ ፓኬት ደግመው ይልካሉ፤ ድግግሞሹ ወረፋውን ያስረዝመዋል፤ የረዘመው ወረፋ ሌላ ድግግሞሽ ይወልዳል።

መፍትሔው አዲስ ገመድ አልነበረም። ጃኮብሰን በ1988 ባሳተመው ጥናት የተገለጸው ዘዴ ላኪው በዝግታ ጀምሮ እየጨመረ እንዲሄድ፣ ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ መንገዱ መጨናነቁን ተረድቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። የፓኬት መጥፋት ከጉዳትነት ወደ ምልክትነት ተለወጠ። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ያ ዘዴ ዛሬም፣ ብዙ ማሻሻያ ተደርጎበት፣ ኢንተርኔትን አቁሞ የያዘ ምሰሶ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተቋማት ኔትወርክ ነው። አሁን ወደ ቤት እንግባ። የቤቱ ታሪክ የሚጀምረው በሞደም ነው። በ1981 ለገበያ የቀረበው የሄይስ ስማርትሞደም በሰከንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ደረጃዎቹ ተከታትለው መጡ፤ በ1991 14.4 ኪሎቢት፣ በ1994 28.8 ኪሎቢት፣ በ1998 ደግሞ 56 ኪሎቢት። በዚህ ዘመን «አዲስ ዕቃ ልግዛ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለ ማመንታት «አዎ» ነበር። ማነቆው በእርግጥም በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሣጥን ነበርና፤ የስልክ ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በታች እያስተላለፈ የኖረው እርሱ ነው። ሣጥኑ በተለወጠ ቁጥር ሁሉ ነገር ይፈጥን ነበር። ሰዎች ዛሬም «ዕቃ ቀይር፣ ይፈጥናል» የሚል እምነት ካላቸው እምነቱ ከሞኝነት የመጣ አይደለም፤ በአንድ ትውልድ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነበር።

ነገር ግን በዚያው በወርቃማው ዘመን አንድ ሰው ሌላ ነገር አስተዋለ። ስቱዋርት ቼሻየር «ቦሎ» የተባለ በኔትወርክ የሚጫወቱት የታንክ ጌም ሠርቶ ነበር። ጌም ሠሪ በመሆኑም የምልልስ ጊዜን ሌሎች ባላዩት ዓይን ያይ ነበር። በ1996 በጻፈው ጽሑፍ፣ የሞደም ስፋት በዓመታት ውስጥ ሲያድግ የሞደም መዘግየት ግን 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ላይ እንደ ቆመ አሳየ። ምክንያቱም ሞደሙ ፊደሎችን አከማችቶ፣ ጨምቆና ስሕተት ፈትሾ በጥቅል ይልክ ስለ ነበር ነው። ቼሻየር የርቀትንም ስሌት አቀረበ። ከስታንፎርድ እስከ ቦስተን 4,320 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ይህን ደርሶ ለመመለስ 43 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በጊዜው የሚለካው ምልልስ ደግሞ 85 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የተፈጥሮ ሕግ ነው ማለት ነው፤ በገንዘብ አይቀነስም። ስፋትን መጨመር ሁልጊዜ ቀላል ነው፤ ሁለት መስመር ጎን ለጎን መዘርጋት ይቻላል። የዘገየን መልእክት ግን ሁለት መስመር አያፋጥነውም።

የጌም ሠሪዎች ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በዲሴምበር 1993 የወጣው ዱም ጌም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ላይ ሲጫወቱት እያንዳንዱን መልእክት ለሁሉም ኮምፒውተሮች ይበትን ስለ ነበር የዩኒቨርሲቲዎችንና የኩባንያዎችን ኔትወርክ አጨናነቀ፤ አንዳንዶቹም ከለከሉት። ችግሩ ብዙም ሳይቆይ የተቃለለው በፕሮግራሙ ማሻሻያ ነው። በጁን 1996 የወጣው ኩዌክ ደግሞ በኢንተርኔት እንዲጫወቱት ታስቦ ተሠራ። ነገር ግን ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ድረስ በስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም ነበር። ጥሩ መስመር ላለው ሰው ይህ አይታወቅም። በሞደም ለሚገናኘው ብዙኃን ግን ምልልሱ ከ300 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚሆን ገጸ ባሕሪው በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል።

የጌሙ ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ጌሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የተነሣበት ግምት የተሳሳተ እንደ ነበር በግልጽ አመነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኩዌክወርልድ የተባለው አዲስ ቅጂ ወጣ። የተጫዋቹ ኮምፒውተር መልስ ሳይጠብቅ የራሱን እንቅስቃሴ ገምቶ ወዲያው ያሳያል፤ የሰርቨሩ መልስ ሲመጣ ግምቱን ያርማል። ተጫዋቾቹ ሞደማቸውን አልቀየሩም። መስመራቸውም አልሰፋም። ጨዋታው ግን ተለወጠ። ዛሬ የእህቴ ልጅ የሚጫወታቸው ዓይነት ጌሞች በሙሉ ማለት ይቻላል የዚህ ብልሃት ወራሾች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ኬብልና ኤዲኤስኤል ወደየቤቱ ገቡ። ስፋቱ በዐሥር እጥፍ፣ ከዚያም በመቶ እጥፍ አደገ። የሞደም መዘግየትም ቀረ። እዚህ ላይ ታሪኩ «ሁሉም ተፈታ» ብሎ ቢያበቃ መልካም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2010 የኤክስ ዊንዶው ሥርዓት ከፈጠሩት መሐንዲሶች አንዱ የሆነው፣ በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ጂም ጌቲስ፣ ከቤቱ ትልልቅ ፋይሎችን ሲያስተላልፍ ኢንተርኔቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ይሞታል። መስመሩ ፈጣን ነው፤ ዕቃው አዲስ ነው፤ የምልልሱ ጊዜ ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወጣል። ከአንድ ሰከንድ በላይ ማለት ብርሃን ምድርን በፋይበር አምስት ጊዜ ያህል ለመዞር የሚወስድበት ጊዜ ነው።

ጌቲስ ችግሩን ሲከታተል የደረሰው የ1985ቱ የናግል ጥያቄ ዘንድ ነው። የማስታወሻ ዋጋ በየዓመቱ ስለ ረከሰ የሞደምና የራውተር ሠሪዎች ቋቱን አሰፉት። ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ ፓኬት መጥፋት መጥፎ ነው፤ ስለዚህ ቦታ እንጨምርለት። ነገር ግን ከ1988 ጀምሮ ላኪዎቹ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት ፓኬት ሲጠፋ ነው ብለን ነበር። ቋቱ ሲሰፋ ፓኬት አይጠፋም፤ ምልክቱ አይደርስም፤ ላኪው መጨመሩን አያቆምም፤ ቋቱም እስከ አፉ ይሞላል። እስቲ እናስላው፤ የመላኪያው መስመር በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነና የሞደሙ ቋት 256 ኪሎባይት ከሆነ፣ ቋቱ ሲሞላ የመጨረሻው ፓኬት ከሁለት ሰከንድ በላይ ተራ ይጠብቃል። 100 ባይት የምትሆነው የጌም መልእክትም ከዚያው ወረፋ ጭራ ትሰለፋለች። ታክሲ ለመያዝ ስንሰለፍ አንድ ሰው ለሠፈሩ ሁሉ ቦታ ይዞ እንደሚጠብቀን ማለት ነው፤ እኛ አንድ ነን፤ ከፊታችን ግን ሠፈር አለ።

ጌቲስ በ2010 መጨረሻ ለሕዝብ ያሳወቀው ይህ ችግር «ባፈርብሎት» ተባለ፤ የቋት መነፋት ልንለው እንችላለን። የታሪክ ተማሪ ለዚህ ምዕራፍ ልዩ ትኩረት ቢሰጥ ተገቢ ነው። ለዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች «ኢንተርኔቱ ዘገየ» እያሉ ሰፊ መስመርና አዲስ ዕቃ ሲገዙ፣ አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው የበለጠ ቋት ይዞ መጣ። ችግሩ ሳይታይ የቆየው ስለ ተደበቀ አይደለም፤ የምንለካው ስፋትን ብቻ ስለ ነበር ነው። የፍጥነት መፈተሻው ትልቅ ቁጥር ያሳያል፤ ልጁ ግን በጌሙ ይሸነፋል። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

መፍትሔውን ካቀረቡት መካከል ያው ቫን ጃኮብሰን ነበረበት፤ በ2012 ከካትሊን ኒኮልስ ጋር «ኮዴል» የተባለውን ዘዴ አወጣ። ሐሳቡ ውብ በሆነ መንገድ ቀላል ነው። የወረፋውን ርዝመት አትቁጠር፤ ፓኬቱ በወረፋው ላይ የቆየበትን ጊዜ ለካ። ጥበቃው ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሳያቋርጥ ከ5 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ፣ ጥቂት ፓኬት ጥለህ ለላኪው ምልክት ስጥ። በዚያው ዓመት በሊኑክስ 3.5 የገባው ማሻሻያ ደግሞ እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ወረፋ ለይቶ፣ ትንሽ የሚልኩትን በቶሎ ያሳልፋል። የጌሟ መልእክት ከፋይሉ ጭራ መቆሟ ቀረ። በ2018 ሁለቱም ዘዴዎች በኢንተርኔት የቴክኒክ ሰነዶች ውስጥ ታተሙ።

እዚህ ላይ በግራም በቀኝም ሐቀኛ መሆን አለብኝ። «ዕቃ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ነገር ፕሮግራም ነው» ብል ታሪክን አዛባለሁ። እነዚህ ዘዴዎች የሚኖሩት በራውተሩ ውስጥ ነው፤ አሮጌው ራውተር ፕሮግራሙን የሚቀበል ካልሆነ ወይም አንጎለ ኮምፒውተሩ ለመስመሩ ስፋት ከደከመ፣ መለወጡ ትክክል ነው። ዋይፋይም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የ1997 ደረጃ በሰከንድ 2 ሜጋቢት፣ የ1999ኙ 11 ሜጋቢት፣ የ2003ቱ 54 ሜጋቢት በስም ነበራቸው። በተግባር የሚደርሰን ከስሙ ግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ አየሩ የጋራ ነውና አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። ስለዚህ 100 ሜጋቢት መስመር ያስገባ ቤት የ2003 ዘመን ራውተር ቢኖረው ማነቆው ራውተሩ ነው፤ ይቀይረው። 10 ሜጋቢት መስመር ያለው ቤት ግን ያንኑ ራውተር በጣም ውድ በሆነው ቢተካ፣ ውሃው በቀጭን ቧንቧ እየመጣ ጀሪካኑን በበርሜል እንደ መተካት ነው። በርሜሉ ያምራል፤ ቧንቧው ያው ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ የርቀት ጥያቄ በእኛ ላይ ልዩ ክብደት አለውና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ፊዶኔት በተባለው ሥርዓት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶች ተጠራቅመው በስልክ ጥሪ በጥቅል ይላካሉ፤ ምልልሱ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው። ለተመራማሪው ግን ይህ ታላቅ በረከት ነበር፤ ደብዳቤ በፖስታ ሳምንታት ይወስዳልና። በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ አማካይነት ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የተዘረጋው ፋይበር፣ የተተከለው የሞባይል አንቴና፣ በ2022 የተጀመረው የሁለተኛው ኦፕሬተር አገልግሎት፣ ሁሉም ስፋትን በብዙ እጥፍ አሳድገዋል። ይህን የሚያናንቅ ሰው በዳያል አፕ የአንድ ገጽ መከፈትን ቁጭ ብሎ ጠብቆ የማያውቅ ነው።

ነገር ግን አገራችን የባሕር በር የላትም። ወደ ውጭ የሚወጣው መረጃ በጎረቤት አገሮች በኩል ተጉዞ የባሕር ውስጥ ኬብል ላይ ይሳፈራል። ልጁ የሚጫወትበት ሰርቨር አውሮፓ ውስጥ ነው እንበል። መንገዱ 7,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ምልልሱ ከ70 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን ከቶ አይችልም። በየመንገዱ ያሉት መገናኛዎችና የኬብሉ ጠመዝማዛ መንገድ ሲታከሉ ከዚህ ይበልጣል። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች፣ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ፣ በተጎዱ ጊዜ የአካባቢው ትራፊክ በሌሎች መንገዶች መዞር ነበረበት። በእንደዚህ ያለ ቀን በሳሎን ውስጥ ያለ ስድስት አንቴና ምን ያደርጋል? ለጌም ተጫዋቹ የሚያስፈልገው የዕቃ ማሻሻያ በአገር ውስጥና በአቅራቢያ የሚተከል ሰርቨር፣ ኔትወርኮች እዚሁ ተገናኝተው መረጃ የሚለዋወጡበት ማዕከልና አማራጭ የኬብል መንገድ ነው። ያንን አንድ ተማሪ በኪስ ገንዘቡ አይገዛውም፤ የአገር ጉዳይ ነው። ከዚህ አዳራሽ የሚወጡ መሐንዲሶች ጉዳይም ነው።

እንግዲህ የታሪኩን ትምህርት ልሰብስብ። በሞደም ዘመን ማነቆው በሣጥኑ ላይ ነበር፤ ሣጥን መቀየር መለሰ። በ1986 ማነቆው በላኪዎቹ ጠባይ ላይ ነበር፤ አዲስ ሥርዓት መለሰ። በ1996 በጌሙ አሠራር ላይ ነበር፤ አሠራሩን መለወጥ መለሰ። በ2010 ለመርዳት በተጨመረው ማስታወሻ ላይ ነበር፤ የጥበቃን ጊዜ መለካት መለሰ። በእኛ ዘንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በርቀቱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ምዕራፍ የተሳሳቱት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ያለፈውን ምዕራፍ መልስ ለአዲሱ ጥያቄ የሰጡ ናቸው።

የእህቴን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። ገንዘቡን በኪሱ እንዳስቀመጠ አንድ ምሽት አብረን ለካን። መጀመሪያ ላፕቶፑን በዋይፋይ፣ ቀጥሎ በኬብል አገናኘን፤ ልዩነቱ ትንሽ ሆነ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ፒንጉን አየን፤ 130 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነበር። በመጨረሻ የእህቱ ስልክ ፎቶዎችን ወደ ኢንተርኔት ሲጭን ደግመን አየን፤ ከ900 በላይ ወጣ። ማነቆው በቤቱ የመላኪያ መስመር ወረፋ ላይ ነበር። በአሮጌው ራውተር ማስተካከያ ውስጥ የመላኪያውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርገን ገደብነው፤ ወረፋው በማናየው ሞደም ውስጥ መከማቸቱ ቀረ። ፎቶዎቹ ትንሽ ዘግይተው ይጫናሉ፤ ፒንጉ ግን ከ150 ብዙም አልራቀም። ከገንዘቡ ያወጣው ለዐሥር ሜትር የኔትወርክ ኬብል ብቻ ነው።

የአውሮፓን ርቀት አላሳጠርንለትም፤ ማንም አያሳጥርለትም። አሁንም አንዳንድ ማታ ይሸነፋል። ነገር ግን ሰበቡ ራውተሩ እንዳልሆነ ያውቃል። (ሳቅ)

ከመግዛት በፊት መለካት፣ ከመለካት በፊት ደግሞ ምን እንደምንለካ መጠየቅ፤ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት ይህን ነው።  ጥያቄ ካላችሁ፣ በተቻለኝ መጠን ወረፋውን አሳጥሬ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።